ፈቃዱን ማን ያወጣል? የድሮን ቀረጻ ውልና የሕግ ጥበቃው

የሠርግ ቪዲዮ የሚሠሩ ፎቶ ቤቶች ዋጋ ሲነግሩ ድሮን ያለውንና ድሮን የሌለውን ፓኬጅ ለይተው ማቅረብ ከጀመሩ ቆይተዋል። በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርና በጎንደር የተለመደው ይህ አገልግሎት የወረዳ ከተሞችንም ደጅ ያንኳኳል። የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ የሆነችው አርብ ገበያ፣ ከእሷም ጋር ላይ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ፣ ከላይ ሲታዩ ዓይን የሚይዝ ገደላማ አገር ናቸው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ይደራል፤ የቤተ ክርስቲያን ምረቃ ሲኖር ውጭ አገር ያለው ተወላጅ ያዋጣበትን ሕንፃ ከነዙሪያው ማየት ይፈልጋል። ሥራው ገንዘብ ይከፈልበታል፤ ቀብድ ይሰጥበታል፤ ሳይሳካ ሲቀርም ጠብ ያመጣል። እንዲህ ያለውን ሥራ በኢትዮጵያ የሚጠብቀው የትኛው ሕግ ነው? ውሉ ውስጥ ምን ቢጻፍ ነው አሠሪንም ሠሪንም የሚያድነው?

ለድሮን ቀረጻ ተብሎ የሚወጣ ልዩ የውል ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም የሚል አቋም እዚህ ይቀርባል። ለአብዛኛው ጥያቄ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መልስ አለው። እሱ ብቻውን የማይፈታው አንድ ቋጠሮ ግን አለ፤ የበረራ ፈቃድ። ፈቃዱን የሚያወጣው ማን እንደሆነና ባይገኝ ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ ያልጻፈ ውል፣ ሌላውን ሁሉ አሳምሮ ቢጽፍም ዋናውን አደጋ ክፍት ትቶታል።

ከሰማይ ማየት የመንግሥት ሥራ በነበረበት ዘመን

በኢትዮጵያ ምድር አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ያረፈው ነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ የስዊዘርላንዱ አብራሪና ፎቶ አንሺ ዋልተር ሚተልሆልዘር ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተገዛ ፎከር አውሮፕላን እያበረረ መጣ፤ ጉዞውንም ከአየር ባነሣቸው ምስሎች አስደግፎ በመጽሐፍ አወጣው። ቀጥሎ የመጣው የወረራ ካሜራ ነበር። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ያነሷቸው ወደ 34,000 የሚጠጉ የአየር ፎቶዎች ከብዙ ዘመን በኋላ በኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ውስጥ ተገኝተው፣ ዛሬ የደንንና የመሬትን ለውጥ ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች ያገለግላሉ። ከነጻነት በኋላም የዐባይ ተፋሰስ ጥናትና የኢትዮጵያና የአሜሪካ የጋራ ካርታ ሥራ ከአየር የሚነሣ ምስልን አስፋፉ። ይህ ሁሉ በመንግሥት ለመንግሥት የተሠራ ነው። ግለሰብ ከፍሎ የራሱን ድግስ ከሰማይ የሚያስነሣበት ጊዜ ገና አልደረሰም ነበር።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሲረቀቅ ፎቶግራፍ አንሺ ማለት ቤቱ ውስጥ ወይም አደባባይ ላይ ባለ ሦስት እግር ካሜራ የተከለ ሰው ነው። ሕጉ ይህን ሰው አልረሳውም። ከአንቀጽ 27 እስከ 30 የሰውን ምስል፣ ከአንቀጽ 1647 እስከ 1674 የድርሰትና የኪነ ጥበብ ባለቤትነትን ደንግጓል፤ የኋለኛው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ተተክቷል። ስለዚህ ድሮን ሲመጣ በፎቶ አንሺና በደንበኛ መካከል ያለው ግንኙነት ባዶ ሜዳ አልነበረም። አዲሱ ነገር ካሜራው የሚያልፍበት አየር የመንግሥት ጉዳይ መሆኑ ነው።

የሚከፈልበት የድሮን ቀረጻ በዓለም ላይ በስፋት ያከራከረው ራፋኤል ፒርከር በተባለ አብራሪ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲን ግቢ ለማስታወቂያ በክፍያ ቀረጸ፤ የአገሪቱ የአቪዬሽን አስተዳደርም 10,000 ዶላር ቀጣው። በመጋቢት 2014 አንድ ዳኛ ቅጣቱን ሻረ፤ በኅዳር የይግባኝ ሰሚው ቦርድ ውሳኔውን ገለበጠ፤ በጥር 2015 ጉዳዩ በ1,100 ዶላር ዕርቅ ተዘጋ። ያኔ በአሜሪካ ጥያቄው «ለመዝናኛ የተፈቀደው በረራ ገንዘብ ሲከፈልበት ለምን ይከለከላል?» የሚል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ለንግድ አብራሪዎች መንገድ ሲከፍት ክርክሩ ረገበ። የኢትዮጵያ ጥያቄ ከዚህ ይለያል። እዚህ ዋናው መለያ ገንዘብ መከፈሉ አይደለም፤ መሣሪያው እንዴት ገባ፣ ማን ያበረዋል፣ በየት ላይ ይበራል የሚለው ነው። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የተገለበጠ የውል ቅጽ ለአርብ ገበያ የማይበቃውም ስለዚህ ነው፤ እነዚያ ቅጾች ፈቃዱን እንደ ተራ ነገር በአንድ መስመር ያልፉታል።

የፈቃዱ ሰንሰለት

በኢትዮጵያ አንድ ድሮን በሕጋዊ መንገድ ከመነሣቱ በፊት የሚያልፍባቸው በሮች ብዙ ናቸው። መሣሪያው ከውጭ ሲገባ ጉምሩክ ይይዘዋል፤ በተለምዶ ኢንሳ የሚባለው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ከደህንነት አንጻር ፈቃድ ይጠይቃል፤ አየሩ በአዋጅ ቁጥር 1179/2012 በሚሠራው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሥር ነው። እንደ አፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ያለ ትልቅ ስብሰባ ሲቃረብ የጸጥታ አካላት ያለ ፈቃድ ድሮን ማብረር ክልክል መሆኑን በመግለጫ ያስታውቃሉ። ከዚህ በታች የክልሉ፣ የዞኑና የወረዳው የጸጥታ መዋቅር አለ። በወረቀት የተሟላ ፈቃድ የያዘ አብራሪም ለወረዳው ሳያሳውቅ ቢያስነሣ ሥራው በመጀመሪያው ባትሪ ሊቋረጥ ይችላል።

በጋይንት ምድር ሌላም በር አለ። ታች ጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ምስክር የሚሰጥባት፣ ከአገሪቱ አራት ማዕዘን ደቀ መዛሙርት የሚመጡባት የዜማ ቤት ናት። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቶማስ ፓክነም እ.ኤ.አ. በ1955 በክብ የሣር ክዳን ሥር ተሸፍኖ የነበረውን ጥንታዊ ሕንፃዋን አይቶ ለውጭው ዓለም አስተዋውቋል። እንዲህ ያለ ቦታን ከላይ መቅረጽ የአየር ፈቃድ ብቻ አይበቃውም፤ የደብሩ አስተዳደርና ሰበካ ጉባኤ መፍቀድ አለባቸው፤ የቅርስ ጥበቃ ሕጉም ይመለከተዋል። የምረቃ በዓል የሚያስቀርጽ ኮሚቴ ደብሩን እንደሚወክል ቢታሰብም፣ ለቀረጻው የሚፈርመው ሰው ደብሩን የማስገደድ ሥልጣን አለው ወይ የሚለው ጥያቄ ፊርማው ከመደረጉ በፊት መጣራት አለበት።

ከሁሉም የሚከብደው የጊዜው ሁኔታ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በጥር 2016 ለአራት ወራት ተራዘመ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም በደረሰ የድሮን ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መገደላቸው ተዘግቧል። ከዚያ ወዲህ በክልሉ ላለ ሰው የድሮን ድምፅ የሠርግ ድምፅ አይደለም። ገበያ ላይ የተሰበሰበ ሕዝብ ከላይ ጉርምርምታ ቢሰማ ማን እንደላከው፣ ካሜራ ይሁን ሌላ ነገር የሚለይበት መንገድ የለውም። በታጠቁ ወገኖች መካከል ያለ አብራሪም ለአንዱ ወይም ለሌላው ይሰልላል ተብሎ ሊጠረጠር ይችላል። ስለዚህ የፈቃድ ጥያቄ እዚህ ቢሮክራሲ ብቻ አይደለም፤ የሕይወት ጥያቄ ነው። ሁኔታው በሚያሰጋበት ጊዜና ቦታ ትክክለኛው ውል ድሮን የሌለበት ውል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምንም ያህል የሚያምር ምስል ያንን ድንጋጤ አይክስም።

ያለ ፈቃድ ለመብረር የተገባ ውል

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1678 መሠረት ውል የሚጸናው ተዋዋዮቹ ችሎታ ሲኖራቸው፣ ጉድለት የሌለበት ፈቃዳቸውን ሲሰጡ፣ ጉዳዩም በቂ ሆኖ የተወሰነ፣ የሚቻልና ሕጋዊ ሲሆን ነው። አንቀጽ 1716 ጉዳዩ ከሕግ ወይም ከመልካም ጠባይ የሚቃረን ውል ዋጋ እንደሌለው ይናገራል። ከዚህ በመነሣት አንዱ አቋም ቀጥተኛ ነው፤ ፈቃድ የሌለው በረራ ሕገ ወጥ ስለሆነ የድሮን ቀረጻ ውል ፈራሽ ነው፤ ፈራሽ ለሆነ ነገር ወረቀት መጻፍ ደግሞ በራስ ላይ ማስረጃ ማዘጋጀት ነው። ብዙ ባለሙያዎች በቃል ብቻ መስማማትን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

አቋሙ ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል። በድሮን መቅረጽ በራሱ የተከለከለ ሥራ አይደለም፤ የተከለከለው ያለ ፈቃድ መቅረጽ ነው። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሾፌር መኪና መንዳቱ ጥፋት ነው ማለት የትራንስፖርት ውል ሁሉ ፈራሽ ነው ማለት አይደለም። ውሉ «ፈቃድ ይኑርም አይኑርም ይበራል» ካለ፣ ወይም ሁለቱም ወገኖች ፈቃድ እንደሌለና እንደማይጠየቅ እያወቁ ከተዋዋሉ፣ ጉዳዩ ሕገ ወጥ ነው፤ በአንቀጽ 1808 መሠረት እንዲፈርስ ሊጠየቅ ይችላል። በአንጻሩ በረራው የሚፈጸመው ፈቃድ ሲገኝ መሆኑ እንደ ቅድመ ሁኔታ ከተጻፈ ጉዳዩ ሕጋዊ ነው፤ ሕጉ ወደፊት ሊሆንም ላይሆንም በሚችል ነገር ላይ የተመሠረተን ግዴታ ያውቃል። ስለዚህ ወረቀቱ የሚያጋልጠው ሕገ ወጡን እንጂ ጠንቃቃውን አይደለም። በቃል የቀረው ውል ደግሞ ለሁለቱም የማይጠቅም ሁኔታ ይፈጥራል፤ ቀራጩ «ፈቃድ ባለመገኘቱ ነው» ሲል ደንበኛው «ፈቃድ የሚባል ነገር አልተነሣም» ይላል፤ ዳኛውም የማንን ቃል እንደሚያምን ይቸገራል።

በከፊል የመፍረስ ነገርም አለ። የሠርግ ፓኬጅ በአብዛኛው የምድር ካሜራን፣ ኤዲቲንግን፣ አልበምንና ድሮንን አንድ ላይ አጣምሮ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ድሮኑ ሕገ ወጥ ሆኖ ቢገኝ የቀረው ሥራ ይጸናል? ሕጉ ጉድለት የነካው የውሉ ክፍል ብቻ እንዲፈርስ ይፈቅዳል፤ ግን ያ ክፍል ስንት ብር እንደሚያወጣ ካልታወቀ ተቀንሶ የሚመለሰው ገንዘብ በግምት ይሆናል። የድሮኑ ዋጋ በውሉ ላይ ለብቻው መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው። ይህን አንዳንድ ፎቶ ቤቶች አይወዱትም፤ ደንበኛው ዋጋውን ሲያይ ድሮኑን ያስቀራል ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ደንበኛው ለምን እንደሚከፍል የማያውቅበት ገቢ ጠብ ሲነሣ ለመከላከል የሚያስቸግር ገቢ ነው።

ቀብድ፣ ክልከላና የጉና ነፋስ

ሰው በተግባር የሚጣላው በቀብድ ላይ ነው። በዚህ ረገድ ሕጉ ግልጽና ጠንካራ ነው። በአንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ትቶ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለው ደግሞ ማፍረስ ቢፈልግ እጥፉን ይመልሳል። ቅድሚያ ክፍያ ግን ቀብድ አይደለም፤ የዋጋው አካል ሆኖ አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ስለሆነ ሥራው ሲቀር እንዳለ የሚመለስ ነው። ደረሰኝ ላይ «ቀብድ» ወይም «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ የሚጻፈው ቃል የገንዘቡን ዕጣ ይወስናል፤ አብዛኛው ደረሰኝ ግን ብሩን ብቻ ጽፎ ይህን ይተዋል።

አሁን ፈቃዱን እናስገባበት። ሠርጉ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው በረራ ተከለከለ እንበል። ቀራጩ እጥፍ ይመልሳል? አንቀጽ 1793 ከአቅም በላይ ለሆነ ኃይል ምሳሌ አድርጎ ከሚጠቅሳቸው ነገሮች አንዱ ውሉ እንዳይፈጸም የሚያግድ የባለሥልጣን ክልከላ ነው። ይህ ከሆነ ቀራጩ በፈቃዱ አላፈረሰም፤ እጥፍ የሚያስከፍል ምክንያት የለም፤ የተቀበለውን ብቻ ይመልሳል ማለት ሚዛናዊ ነው። ይሁን እንጂ አንቀጽ 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባለው አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል መሆን እንዳለበት ያስጠነቅቃል። መጀመሪያውኑ ፈቃድ ያልጠየቀ ሰው «ተከለከልኩ» ሊል አይችልም፤ ለእሱ ክልከላው ድንገተኛ አይደለም። ፈቃድ ጠይቆ መልስ ያላገኘውስ? ፈቃድ አግኝቶ በመጨረሻው ሰዓት የተሻረበትስ? ሕጉ እነዚህን ሦስት ሰዎች ለይቶ ስም አልሰጣቸውም፤ ውሉ ግን ሊለያቸው ይችላል። ለምሳሌ እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ አብዛኛውን ክርክር ያስቀራል፦ «የድሮን ቀረጻው የሚፈጸመው አስፈላጊው ፈቃድ ሲገኝ ነው። ፈቃዱን ቀራጩ ይጠይቃል፤ ጥያቄውን ያቀረበበትንም ማስረጃ ለአሠሪው ያሳያል። የቤተ ክርስቲያንና የግቢ ፈቃድ የሚያመጣው አሠሪው ነው። ፈቃዱ ከሠርጉ 10 ቀን በፊት ካልተገኘ የድሮኑ ዋጋ ተቀንሶ ይመለሳል፤ የቀረው ሥራ ይቀጥላል።» ቁጥሩን ተዋዋዮቹ ይወስኑት፤ ቀነ ገደብ መኖሩ ግን ግዴታ ነው።

የአየር ጠባይ ቀላል የሚመስል ግን የተለየ ነገር ነው። የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ነፋስ መውጫ የምትባለው ከተማም ስሟ የሚናገረውን ታውቃለች። ቀጭን አየር የማራገቢያውን ጉልበት ይቀንሳል፤ ብርድ ባትሪውን ቶሎ ያደክማል፤ አምራቾችም ለመነሻ ከፍታና ለነፋስ ፍጥነት ወሰን ያስቀምጣሉ። ይህ ሁሉ ለባለሙያው የታወቀ ስለሆነ «ነፋስ ነበር» የሚለው መከላከያ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ለመባል ደካማ ነው። የሚሻለው ለበረራ የማይሆነውን ሁኔታ የመወሰን ሥልጣን ለአብራሪው ብቻ መስጠትና ለዚያ ቀን ምትክ ምን እንደሚሠራ መጻፍ ነው። የሙሽራው አጎት «ትንሽ ከፍ አድርገው» ሲል ድሮኑን የሚያነሣ አብራሪ ውሉ የሰጠውን ጥበቃ በገዛ እጁ ይጥላል።

የቀራጩ ግዴታ ራሱ ምን ዓይነት ነው የሚለውም አልተቋጨም። አንቀጽ 2610 በራሱ ኃላፊነት አንድን ውጤት ሠርቶ ለማስረከብ የሚገባን ሰው ይገዛል፤ ከአንቀጽ 2632 ጀምሮ ያሉት ደግሞ ዕውቀትን ለሚያከራይ ባለሙያ ናቸው። ያለቀለት ቪዲዮ ማስረከብ የመጀመሪያውን ይመስላል፤ ውበቱ ደግሞ ሁለተኛውን። የሚያዋጣው ልዩነቱን በውሉ መግለጽ ነው። የሚረከበው ቪዲዮ ርዝመቱ፣ ጥራቱና ቀኑ ውጤት ነው፤ ካልደረሰ ውሉ አልተፈጸመም። ምስሉ ማማሩ ግን በባለሙያ ጥንቃቄ የሚመዘን ነው።

ምስሉ የማን ነው?

በዚህ ላይ በስፋት የሚሰማው እምነት «ያነሣሁት እኔ ስለሆንኩ የእኔ ነው» የሚል ነው። ቀራጮች ከውጭ የሰሙት ደንብ ነው፤ በብዙ አገሮችም እውነት ነው። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን በአንቀጽ 21 ሌላ መንገድ ይዟል። በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። ውሉ ዝም ካለ ከፍሎ ያስቀረጸው ሙሽራ ባለ መብት ይሆናል ማለት ነው። ለቀራጩ የሚቀረው የሞራል መብት ነው፤ ሥራው የእሱ መሆኑ እንዲታወቅለት መጠየቅና ክብሩን የሚነካ ለውጥን መቃወም። ፎቶግራፍ የሚጠበቀው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ነው፤ የመብት ማስተላለፍም በጽሑፍ መሆን አለበት።

ይህ ደንብ ፍትሐዊ ነው? ለሠርግ ይመስለኛል፤ የቤተሰብ ትዝታ በፎቶ ቤት እጅ መቅረት የለበትም። ለሌላው ሥራ ግን ያጠራጥራል። ስለ ጉና ተፋሰስ ሪፖርት ለሚሠራ ድርጅት የቀረጸ ሰው በዚያው በረራ ያነሣውን የመልክዓ ምድር ምስል ሌላ ቦታ መሸጥ ቢፈልግ ዝም ያለ ውል ያስረዋል። በተቃራኒው ድርጅቱ ለሪፖርት ያስቀረጸውን ለማስታወቂያ ቢያውለው ቀራጩ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቅበት መሠረት የለውም። ስለዚህ ቀራጩ መብቱን ለመጠበቅ መጻፍ ያለበት «መብቱ የእኔ ነው» የሚል ጥቅል ዓረፍተ ነገር ሳይሆን፣ አሠሪው በምን ላይ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጠቀምበት፣ ጥሬው ፋይል ማን ዘንድ እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ ነው።

ከታች ያለው ሰው

ውሉ የሚያስረው ሁለቱን ፈራሚዎች ነው፤ ድሮኑ የሚያየው ግን ያልፈረመውን ሁሉ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 መሠረት የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ሊገለጥ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ አይችልም። አንቀጽ 28 ከዚህ ውጭ የሚያደርጋቸው አሉ፤ የታወቀ ሰው መሆን፣ የሕዝብ ሥራ፣ የፍትሕና የፖሊስ ጉዳይ፣ የሳይንስ፣ የባህልና የትምህርት ጥቅም፣ እንዲሁም በአደባባይ የተፈጸመ ድርጊት ወይም ሥነ ሥርዓት። ታቦት ሲወጣ ያለው ሕዝብ በመጨረሻው ሥር እንደሚወድቅ ብዙም አያከራክርም። በሰው ግቢ ድንኳን ተጥሎ የሚደገስ ሠርግስ? ዕድምተኛው ብዙ መሆኑ ግቢውን አደባባይ አያደርገውም። የባሰው ደግሞ የጎረቤት ግቢ ነው። አጥር ሰው ሠርቶ የከለለውን ነገር ድሮን ከላይ ይገልጠዋል፤ ጎረቤት ልጇን ስታጥብ ወይም ጠላ ስትጠምቅ የተነሣችበት ምስል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሚጠብቀውን ግላዊነት ይነካል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሚለይ የሰው ምስልን ለንግድ የሚይዝን ሰው የሚመለከት ነው።

«ከዚያ ከፍታ ማን ይለያል?» የሚል መልስ ይሰጣል። ግማሽ እውነት አለው፤ ጥያቄው ሰውየው ይለያል ወይስ አይለይም የሚለው እንጂ ከፍታው ስንት ነው የሚለው አይደለም። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ግን ሰው በፊቱ ብቻ አይታወቅም፤ በበሬው፣ በቤቱ ጣሪያ፣ በግቢው ባሕር ዛፍ ይታወቃል። ደግሞም ፎቶ ቤቶች ያማረውን ቀረጻ ለማስታወቂያ በቲክቶክና በዩቲዩብ ይለቃሉ፤ ይህ ሙሽሮቹ ከከፈሉለት ዓላማ ውጭ ስለሆነ የራሳቸውን ፈቃድ ይፈልጋል። ፈቃዱ ሳይኖር ሲገለጥ ባለ ምስሉ እንዲቆም መጠየቅ፣ ፍርድ ቤቱም ከተገኘው ጥቅም ጋር የሚመጣጠን ካሣ ማዘዝ እንደሚችል የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 29 ያሳያል። ለዚህ በውሉ ውስጥ አዎ ወይም አይ የሚባልበት አንድ መስመር ይበቃል።

ድሮኑ ወድቆ ሰው ቢጎዳ ወይም ፈረስ አስደንብሮ ቢያስጥል ኃላፊነቱ ከውል ውጭ ነው። በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ይክሳል፤ በ2130 አሠሪ ሠራተኛው በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ያልተቋጨው አንቀጽ 2081 የሚያነሣው ነው፤ የመሣሪያና የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ድሮን በዚህ አንቀጽ መሣሪያ ይባላል? በእኔ እይታ ይባላል፤ ባለቤቱ ከመሣሪያው የሚጠቀም እስከሆነ አደጋውንም መሸከም አለበት፤ ደንበኛና ቀራጭ በመካከላቸው የሚጽፉት «አንጠየቅም» የሚል ቃልም ተጎጂውን አያስረውም። የካሣ ጥያቄ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት አንቀጽ 2143 ይደነግጋል።

«በሽማግሌ ይፈታል»

ለጽሑፍ ውል ጠንካራው ተቃውሞ ከሕግ አይመጣም፤ ከኑሮ ነው የሚመጣው። በትንሽ ከተማ ቀራጩና ደግሶ የሚያስቀርጸው ይተዋወቃሉ፤ ምናልባት ዘመድ ናቸው። ወረቀት ማውጣት አለመተማመን ይመስላል፤ ጠብ ቢነሣም ሽማግሌ አለ፤ ለጥቂት ሺህ ብር ፍርድ ቤት መመላለስ ከተከፈለው በላይ ያስወጣል። ሁሉም እውነት ነው። ሕጉም አያስገድድም፤ አንቀጽ 1719 ለተራ ውል የተለየ ፎርም አይጠይቅም። ነገር ግን ይህ ኅብረተሰብ መሬት ሲያከራይ፣ ብር ሲያበድር ምስክር ጠርቶ ይጽፋል፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውም የራሱ አባባል ነው። ሽማግሌም የተባለውን ሲያውቅ ነው የሚያስታርቀው። በአንቀጽ 2001 ግዴታ አለ የሚል ሰው ማስረዳት አለበት፤ ይህ ሸክም በዋርካ ሥርም ሆነ በወረዳ ፍርድ ቤት አንድ ነው።

የጽሑፉ መልክ ደግሞ ከባድ መሆን የለበትም። በአንቀጽ 1727 የተመለከተው የሁለት ምስክሮች ፊርማ ጥሩ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክት በመልኩ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ስላደረገ፣ በቴሌግራም የተላከ የስምምነት ዝርዝርና በቴሌብር የተከፈለ ቀብድ ደረሰኝ ዋጋ አላቸው። ይህ በተለይ ከውጭ አገር ሆኖ የትውልድ ቀበሌውን ቤተ ክርስቲያን ለሚያስቀርጽ ሰው ይጠቅማል፤ እሱ አርብ ገበያ መጥቶ አይፈርምም፤ ሥራውን የሚቀበልለት ወኪል ማን እንደሆነ ግን በመልእክቱ ሊገልጽ ይችላል።

የቀረው ጥያቄ ከውል በላይ ነው። ፈቃዱ አዲስ አበባ የሚጠየቅ ከሆነ ለጋይንት ባለሙያ ርቀቱ ራሱ ክልከላ ይሆናል፤ ሕጋዊ መሆን የሚችሉት የከተማ ትልልቅ ስቱዲዮዎች ብቻ ይሆኑና ሌላው ተደብቆ ይሠራል። አንድ ወገን ለቀላል ድሮኖች የዞን አስተዳደር እንዲፈቅድ ይፈልጋል፤ በአውሮፓ ከ250 ግራም በታች ያሉት በቀላል ደንብ መተዳደራቸውንም ይጠቅሳል። ሌላው ወገን ክብደት ስለላን አይከላከልም፣ በግጭት አካባቢ ሥልጣን መበተን አደጋ ነው ይላል። ሁለተኛው ስጋት ዛሬ በአማራ ክልል ባለው ሁኔታ ሚዛን ይደፋል። ሆኖም ፈቃድ አለመስጠትና መልስ አለመስጠት የተለያዩ ናቸው። በጽሑፍ የተሰጠ «አይቻልም» እንኳ የሠርጉ ቀን ከማለፉ በፊት ቢደርስ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል፤ አንቀጽ 1793 የሚጠቅሰው የባለሥልጣን ክልከላ መኖሩን ለፍርድ ቤት የሚያሳየው፣ ቀብዱም በእጥፍ ሳይሆን እንዳለ እንዲመለስ የሚያደርገው ያ ወረቀት ነው።